ከጋፋት እቶን እስከ አውሮፕላን ብሎን

የጋፋት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በክብደት ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በዚያች መንደር በ1859 ዓ.ም. የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል እንደሚመዝን እንሰማለን። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በመጋቢት ወር መቅደላ እስኪወጣ ድረስ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ገደሉን እየናዱ፣ መንገዱን እየደለደሉ እንደጎተቱት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር እናውቃለን። አምሳያው አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው በተሰየመው አደባባይ ቆሟል፤ ዋናው ግን ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጋፋትን የኢትዮጵያ ኢንዱስትሪ መነሻ አድርጎ ያወድሳል፣ ሌላው ከንቱ ድካም ይለዋል። ሁለቱም የሚሟገቱት ግን በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ማቅለጡ ተችሎ ነበር ወይስ አልተቻለም? እኔ ጥያቄው ራሱ ቦታውን ስቷል እላለሁ። ጋፋት የጎደለው ማቅለጥ አልነበረም፤ የጎደለው የጋራ ልክ ነው። አንድ ሰው የሠራው ዕቃ፣ ያንን ሰው አይቶት የማያውቅ ሌላ ሠራተኛ በሌላ አገር ከሠራው ዕቃ ጋር ያለ ሞረድና ያለ መዶሻ እንዲገጥም የሚያደርገውን ስምምነት ማለቴ ነው። ለዚህ የማቀርበውን ማስረጃ የማመጣው ከትንሿ ዕቃ ከብሎን፣ ይልቁንም ከአውሮፕላን ብሎን ነው። የጋራ ልክ መኖር አለመኖሩ እዚያ ላይ ቶሎ ይታወቃል፤ ዋጋውም የሰው ሕይወት ነው።

ጋፋት የሰፈሩት አውሮፓውያን ወደ አገሩ ሲገቡ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ በነበረው በሳሙኤል ጎባት አማካይነት፣ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የተላኩ፣ ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር እንዲያስተምሩ የታሰቡ ወጣቶች ነበሩ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትዝ ሆል ደግሞ በማቅለጡ ሥራ ዋና ሰው ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ አናውቅም አሉ፤ እንዲሞክሩ ታዘዙ። የመጀመሪያ ሙከራዎቻቸው ከሸፉ። እቶኑን ደጋግመው እየሠሩ፣ ቅርጽ ማውጫውን እያሻሻሉ ሄደው በመጨረሻ ተሳካላቸው። በየአቅጣጫው የተሰበሰበው መዳብና ናስ ቀልጦ ፈሰሰ፤ ያን ያህል የሚከብድ ሞርታር ከአንድ ቅርጽ ወጣ። እንግዲህ ማቅለጡ ተችሏል። ይህን ያህል ሥራ በዚያ ዘመን፣ በዚያ ከፍታ፣ ያለ እንፋሎት ሞተር መሠራቱ ሊደነቅ የሚገባው ነው፤ በዚህ ላይ ከአወዳሾቹ ወገን ነኝ።

ሆኖም ሞርታር ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ልብ እንበል። ወጥ ነው፤ ከአንድ ፍሳሽ የወጣ፣ የሚፈታና የሚለወጥ ክፍል የሌለው። ሠረገላው ለእሱ ብቻ ተለክቶ ይሠራል፤ መንኮራኩሩ ቢሰበር በዚያው ቦታ እንጨት ተቆርጦ እንደገና ይጠረባል፤ ጥይቱም ለእሱ አፍ ተብሎ ይዘጋጃል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር አሮጌ በተባለው ቦታ በተደረገው ውጊያ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ሲተኮስ በፈነዳ ጊዜ የሚተካ ነገር አልነበረም፤ የዚያ መድፍ ወንድም የሚባል ሌላ መድፍ በዓለም ላይ ስላልነበረ። ጋፋት ያፈራው እያንዳንዱ ትልቅ ሥራ ብቸኛ ልጅ ነበር። ይህን የምለው ሠሪዎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ የታዘዙት ትልቅ ነገር እንዲሠሩ እንጂ አንድ ዓይነት ነገር ደጋግመው እንዲሠሩ አልነበረምና።

አንድ ዓይነት አለመሆን ሁልጊዜ ጉድለት ነው ማለትም ስሕተት ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ባለው አገር ቀጥቃጩ ለገበሬ ማረሻ ሲሠራ ብንመለከት ይህ በደንብ ይገባናል። ብረቱን ከከሰሉ ውስጥ አግብቶ ወናፉን እያስነፋ ያግለዋል፣ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ይቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ የገበሬውን ዕቃ አስመጥቶ ይሞክረዋል፤ ካልገባ ይመልሰዋል፣ ወገሉ ከሰፋ ሽብልቅ ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ልክ የሚባለው ነገር በቀጥቃጩ ዓይንና በገበሬው እጅ መካከል ይኖራል። ሠሪው፣ ተጠቃሚውና ጠጋኙ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ማረሻው ቢበላሽ ገበሬው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ተሸክሞት ይመጣል። ጠይብ እየተባሉ የተናቁት ባለ እጆች፣ በጎንደር አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ጭምር፣ ለዘመናት አገሩን ያቆሙት በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ሥርዓቱ ሙሉ ነው፣ ምንም አይጎድለውም፤ የሚሠራው ግን ሰዎቹ እስከ ተዋወቁ ድረስ ብቻ ነው። ሠሪው በአንድ አህጉር፣ ተጠቃሚው በሌላ፣ ጠጋኙ በሦስተኛ ሲሆኑ ትውውቁን የሚተካ ነገር ያስፈልጋል፤ የጋራ ልክ የሚባለው ይኸው ነው።

የሚያስገርመው ይህ መተካት በአውሮፓም ያን ጊዜ ገና አዲስ መሆኑ ነው። ጆሴፍ ዊትወርዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር የሚሠራ ብሎን ሁሉ አንድ ዓይነት ጥርስ ይኑረው ብሎ ሐሳቡን ለመሐንዲሶች ማኅበር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1841 ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 14 ዓመት ብቻ ቀድሞ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ጥርስ ያወጣ ነበር፤ የአንዱ ብሎን በሌላው ዳዶ አይገባም። ዊትወርዝ የጥርሱን ማዕዘን በ55 ዲግሪ ወሰነ፣ ለእያንዳንዱ ውፍረትም በኢንች ስንት ጥርስ እንደሚገባ ሠንጠረዥ አወጣ። የሐሳቡ ኃይል የታየው በክሪሚያ ጦርነት ነው። የባሕር ኃይሉ ለትንንሽ የጦር ጀልባዎች ብዙ የእንፋሎት ሞተር በአስቸኳይ ሲፈልግ፣ ጆን ፔን የተባለው የሞተር ሠሪ ናሙና ሞተሮችን ፈታትቶ ክፍሎቹን ለተለያዩ ፋብሪካዎች አከፋፈለ፤ የጥርሱ ልክ አንድ ስለነበር ከየቦታው የተሠራው ተሰብስቦ ገጠመ፣ 90 ሞተሮችም በ90 ቀን ደረሱ ተብሎ ይነገራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ስም የመረጡት ከዚሁ ጦርነት ነው። የሴባስቶፖል ከበባ ዝና ደብረ ታቦር ደረሰ፤ ከበባው ባለበት ጦርነት ውስጥ የተወለደው የተለያዩ እጆችን ሥራ የማገጣጠም ብልሃት ግን አልደረሰም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ ጋፋትን የገደለው አመፅ፣ ረሃብና የእንግሊዝ ጦር እንጂ የብሎን ጥርስ አይደለም የሚል ነው። ልክ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከደብረ ታቦር ዙሪያ ብዙም አይርቅም ነበር። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ጊዜው ቢሰጥ ጋፋት ወዴት ይሄድ ነበር? በያዘው መንገድ ከሄደ ከሴባስቶፖል የሚበልጥ ሌላ ሴባስቶፖል ነበር የሚወጣው። ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ እንግሊዝም ቢሆን ያን ያህል የተስተካከለ አልነበረም ይላል። ይህም እውነት ነው፤ ማስረጃውም እዚሁ ቀይ ባሕር ዳር አለ። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደ ውስጥ የዘረጋው አጭር የባቡር መስመር ከህንድ በመጣ አሮጌና የተለያየ ዓይነት ሐዲድ የተሠራ ነበር፤ የአንዱ መግጠሚያ ለሌላው እንቢ እያለ ሥራው ተጓተተ። ይህ ግን ክርክሬን የሚያጠናክር ነው። ያን ያህል ሀብትና ያን ያህል ሠራተኛ የነበረው ጦር እንኳ ልኩ ሲለያይበት ተጓተተ፤ ልኩ በተስተካከለበት በኩል፣ ማለትም በስናይደር ጠመንጃውና በጥይቱ፣ ማንም ወታደር የማንንም ጥይት ተቀብሎ መተኮስ ቻለ፤ በአሮጌም ውጤቱ ታየ።

በዐድዋ ዘመን ችግሩ በሌላ መልክ ተመለሰ፤ የኢትዮጵያ ጦር ግራ፣ ረሚንግቶን፣ ቬተርሊ፣ ማርቲኒና ቤርዳን ይዞ ዘምቷል፤ የአንዱ ጥይት በሌላው አይገባም። ጦሩ ድል ያደረገው ይህን ሁሉ ተሸክሞ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ዋናው ነገራችን ግን አውሮፕላን ስለሆነ ወደዚያ ልለፍ።

የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሿ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የገባችው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ስምንት ወር ሳይሞላ የቤጌምድርን ጦር አገኘችው። መቀመጫቸው ደብረ ታቦር የነበረው ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሲወድቁ፣ የማዕከላዊው መንግሥት አውሮፕላኖች ከውጊያው በፊትና በውጊያው ቀን በጦራቸው ላይ ወረቀትና ቦምብ ጥለው ነበር። የዚህ ደጋ ዘማች ስለዚህ ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀው ከሥሯ ሆኖ ነው። ከላይ የነበረው ኃይል ግን ከሥር እንደሚታየው የጸና አልነበረም። እስከ 1928 ዓ.ም. የተሰበሰቡት ከአሥራ ጥቂት የማይበልጡ አውሮፕላኖች ፖቴዝና ፋርማን ከፈረንሳይ፣ ዩንከርስ ከጀርመን፣ ፎከር ከሆላንድ፣ ሞዝ ከእንግሊዝ፣ ፊያትና ብሬዳ ከኢጣልያ፣ ቢችክራፍት ከአሜሪካ ነበሩ። ፈረንሳዩና ጀርመኑ በሚሊሜትር፣ እንግሊዙ በራሱ የኢንች ጥርስ፣ አሜሪካው በሌላ የኢንች ጥርስ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1864 በፊላደልፊያው ዊልያም ሴለርስ ሐሳብ 60 ዲግሪ ማዕዘን መርጠው ከእንግሊዝ ተለይተዋል፤ የግማሽ ኢንች ብሎን በእንግሊዝ 12፣ በአሜሪካ 13 ጥርስ አለው፤ ዳዶው አንዴ ዞር ብሎ ይነክሳል። ከነዚህ አውሮፕላኖች አንዷ ብሎን ቢጎድላት ከሌላዋ ነቅሎ መግጠም አይቻልም፤ እያንዳንዷ ከሠራት አገር ሰውና ሣጥን ትጠብቃለች። በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነት አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የበረረችው «ፀሐይ» እንኳ ሞተሯ የቼክ ዋልተር ነበር። ወራሪው ወደ ኢጣልያ የወሰዳት ይህች አውሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ በመመለሷ ደስ ያለው ሁሉ ደስታው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እሷም እንደ ሴባስቶፖል ብቸኛ ልጅ ነበረች።

ነገሩ ከሩቅ ሲወራ ቀላል ስለሚመስል አንድ ብሎን በእጃችን ይዘን እንመርምር። ኤኤን5 የተባለው የአሜሪካ የአውሮፕላን ብሎን ውፍረቱ 5/16 ኢንች፣ ማለትም 7.94 ሚሊሜትር ነው። ኤም8 የሚባለው የሜትሪክ ብሎን 8 ሚሊሜትር ነው። በመካከላቸው ያለውን 6 መቶኛ ሚሊሜትር ጣት አይለየውም። የመጀመሪያው በኢንች 24 ጥርስ ስላለው ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.058 ሚሊሜትር ይራመዳል፤ ኤም8 በደቃቁ ጥርስ 1 ሚሊሜትር፣ በተለመደው 1.25 ይራመዳል። ደቃቁ ዳዶ በኤኤን5 ላይ ሁለትና ሦስት ዙር ይሄዳል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ጥብቅ ብሏል ብሎ በቁልፍ የሚያስገድደው ሰው ጥርሱን እየላጠ መሆኑን አያውቅም። የብሎኑ ራስም ያታልላል፤ የኤኤን5 ራስ ግማሽ ኢንች፣ 12.7 ሚሊሜትር ሲሆን የ13 ቁልፍ ይገባበታል፣ ጥቂት እየተንሸራተተ ማዕዘኑን ይበላዋል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ብሎን በዓይንና በጣት አይመረጥም፤ በስሙ ነው የሚመረጥ። ኤኤን5-10ኤ ሲባል 5ቱ ውፍረቱን በ16ኛ ኢንች ይነግራል፣ 10ሩ ርዝመቱ 1 ኢንች ያህል መሆኑን፣ «ኤ» ደግሞ በጥርሱ በኩል ለመቆለፊያ ፒን የሚሆን ቀዳዳ እንደሌለው። ራሱ ላይ ያለው የመስቀል ምልክት ብረቱ የአውሮፕላን ቅይጥ ብረት መሆኑን ያሳውቃል፤ ሦስት ማዕዘን ካለበት ደግሞ በጠባብ ልክ የተፈተለ ነው። ይህ ስም ሠሪውን ለማያውቀው ሰው ሠሪው የሚልክለት ቃል ነው።

ታዲያ ጠንካራ ብሎን እስከ ሆነ ድረስ ምን ቸገረን የሚል ይኖራል፤ ጋራዥ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ሊል ይችላል፣ መኪና ላይም ብዙ ጊዜ ይሠራለታል። ግሬድ 8 የሚባለው የመኪና ብሎን በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች 150,000 ፓውንድ ስበት ይችላል፤ የኤኤን ብሎን 125,000 ብቻ። በቁጥር የመኪናው ይበልጣል። ግን የአውሮፕላን ብሎን ሥራው መሳብን መቻል ብቻ አይደለም። ጎን ለጎን የሚገፉ ሁለት ሳህኖችን ሲይዝ ሸክሙን የሚችለው ለስላሳው አካሉ ነው፤ ጥርሱ ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ቀዳዳውን ይሞርዳል፣ ብሎኑም ከጥርሱ ሥር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለስላሳው ክፍል ከሳህኖቹ ድምር ውፍረት ጋር መመጣጠን አለበት፤ ትርፍ ቢኖር በራንዴላ ይሞላል። በጣም የጠነከረ ብረት ደግሞ ከመሰበሩ በፊት አይለመጥም፤ የሚያስጠነቅቅበት ጊዜ አይሰጥም። ከዝገት የሚከላከለው ልባጥም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ ካድሚየም የተለበጠ ብሎን ብረት ለብረት ሲሆን ጥሩ ነው፣ ሙቀት ባለበት ቦታ ቲታኒየም ከነካ ግን ቲታኒየሙን ያደክመዋል። የበለጠ ጠንካራ ማለት የተሻለ ማለት አይደለም፤ የተሻለው ነዳፊው ያሰበው ነው።

ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስል አንድ የታወቀ አደጋ ላንሣ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1990 የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ከበርሚንግሃም ተነሥቶ 5,000 ሜትር ካለፈ በኋላ የካፒቴኑ የፊት መስታወት ተገንጥሎ ወደቀ፤ ካፒቴኑ ወገቡ ድረስ በመስኮቱ ወጥቶ ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው አቆዩት፣ ረዳት አብራሪውም አውሮፕላኑን በሰላም አሳረፈ፤ ካፒቴኑ ተረፈ። መስታወቱ ከበረራው አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ ተለውጦ ነበር። ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ ከሚፈለገው በ0.026 ኢንች፣ ሁለት ሦስተኛ ሚሊሜትር ያህል የቀጠኑ ነበሩ፤ 6ቱ ደግሞ አጭር። መስታወቱን የለወጠው ልምድ ያለው ባለሙያ ነበር፤ አሮጌውን ብሎን ይዞ ከመደርደሪያው የሚመስለውን በዓይን አመሳስሎ አወጣ። ሁለቱም ብሎኖች በኢንች 32 ጥርስ ስላላቸው ቀጭኑም ገባ፣ ዞረም። የነቀለው አሮጌ ብሎን ራሱ ትክክለኛው አልነበረም። ማረሻውን ለዘመናት ያገለገለው ዓይን እዚህ ሲደርስ አልበቃም፤ የዓይኑ ባለቤት ግን ሰነፍ አልነበረም፣ እንዲያውም ትጉህ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲደብልዩኤ ጋር በተደረገ ስምምነት መቋቋሙና መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ መብረር መጀመሩ ለምን ከ1921ዱ ሙከራ የተለየ ውጤት እንዳመጣ ግልጽ ይሆናል። የተለመደው መልስ ገንዘብና የውጭ አስተዳዳሪ ነው። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ልዩነት አንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ ከጦርነት የተረፈው ሲ-47፣ ከነመጽሐፉ፣ ከነመለዋወጫ ስሙ፣ ከነቁልፉ መግባቱ ነው። ኢጣልያ በመንገድና በጋራዥ ሚሊሜትሩን ትታ ሄዳለች፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የእንግሊዝ መኪና ዊትወርዙን ይዞ መጥቷል፤ የአገሩ መካኒክ በሁለት ልክ መካከል ይዋልል ነበር። የአውሮፕላኑ ክፍል ብቻ በአንድ ልክ ተጀመረ። ሲ-47 በየደጋው በተጠረገ ሜዳ፣ በደብረ ታቦር ዓይነቱም ከፍታ ላይ ጭምር፣ ለማረፍ የሚችል አውሮፕላን ነበር፤ ከእነዚህ ሜዳዎች በአንዱ ላይ ብሎን ቢጎድል ስሙ በሬዲዮ ይነገራል፣ ያው ስም ያለው ብሎን በሚቀጥለው አውሮፕላን ይመጣል፣ ይገባል። ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው አሜሪካዊ ይሁን ኢትዮጵያዊ ለብሎኑ ለውጥ የለውም። ሙያው ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ መተላለፍ የቻለውም በዚህ ነው፤ በ1963 ዓ.ም. ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ የተረከቡት ከሰው ጋር የሚሄድ ምስጢር ሳይሆን ተጽፎ የተቀመጠ ሥርዓት ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ ይህን ክርክር እንደ ተፈተነ ያህል ያሳያል። አየር ኃይሉ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ፤ በአንድ በኩል የኢንች ኤፍ-5፣ በሌላ በኩል በሶቪየት ደረጃ በሚሊሜትር የተሠራ ሚግ። ባለሙያዎቹ እነዚያው ጎበዝ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ቁልፉ፣ መጽሐፉ፣ የብሎኑ ስም፣ የሚጻፍበት ፊደል ጭምር ግን ተለወጠ፤ የአሜሪካው ሣጥን ሲቀር የአሜሪካው አውሮፕላን እየቆመ ሄደ። አየር መንገዱ በዚያው መንግሥት ሥር ሆኖ በነበረበት ልክ ጸና፤ በ1976 ዓ.ም. ቦይንግ 767 ተረከበ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻም «እሸት» የተባለችውን የእርሻ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም ጀመረ። እሸት ዝነኛ አይደለችም፣ ሐውልትም የላትም። ለእኔ ግን ከጋፋት በኋላ በዚህ አገር ከተሠሩት የብረት ሥራዎች ሁሉ ልብ ልንላት የሚገባት እሷ ናት፤ አዲስ አበባ የታሰረ ብሎኗ ስሙ ከተጻፈበት ከየትኛውም መጋዘን የሚተካ ነበርና።

የቀረው ከባዱ ተቃውሞ ነው፤ የሌላውን ልክ መቀበል ጥገኝነት ነው የሚለው። ልኩን የሚወስነው ሌላ፣ የሚከፍለው እኛ፤ ነገ ሣጥኑ ቢከለከል ሁሉም ይቆማል። ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም፤ ኤፍ-5ቱን ያቆመው ይኸው ነውና። ይሁንና ልክን መቀበልና ሰውን መለመን አንድ አይደሉም። እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ ራሳቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጥርስ አለመግጠም ካስቸገራቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 አንድ የጋራ ጥርስ ፈርመዋል፤ የዊትወርዝ አገር 55 ዲግሪዋን ትታ 60ውን ተቀበለች፤ በዚህም ክብሯ አልተነካም። ጥገኛ የሚሆነው ብሎኑ ላይ ያለውን ስም ማንበብ የማይችል፣ የመጣለት ሣጥን እውነተኛ መሆኑን በራሱ መለኪያ መመርመር የማይችል ነው። ዛሬ የሌሎች የአፍሪካ አገሮች አውሮፕላኖች ለጥገና አዲስ አበባ የሚመጡት የብሎኑ ልክ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ አይደለም፤ በዚያ ልክ የሚታመን እጅ እዚህ ስላለ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስም ይህን ወደ መጨረሻው የተረዱ ይመስለኛል። በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ እንዲመጣላቸው የጠየቁት የተዘጋጀ መድፍ አልነበረም፤ ሙያተኞችና የሥራ መሣሪያ ነበር። ሠራተኞቹና መሣሪያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያሰሯቸው አውሮፓውያን አልተፈቱም ተብሎ እዚያው ቆዩ፣ በኋላም ወደ መጡበት ተመለሱ። ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ መጎተት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ስሙ በሚገባ ተመርጧል። እዚያ የሚገባ ተማሪ ስለ ሴባስቶፖል መስማቱ አይቀርም። በመጀመሪያ ዓመቱ የጥርስ መለኪያና ማይክሮሜትር በእጁ ይዞ የኤም8ንና የ5/16ን ልዩነት ራሱ ለክቶ መጻፍ፣ ከዚያም ያ ማይክሮሜትር ራሱ መቼና በማን እንደተፈተሸ ከላዩ ላይ አንብቦ መናገር መቻል አለበት፤ የፍተሻው ጊዜ ካለፈበት መሣሪያውን ወደ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት መላክ እንጂ በእሱ መለካት እንደማይገባም ከዚያው ጊዜ ጀምሮ መልመድ አለበት።